ሜዳ ላይ የሚደበቅ በሽታ፦ የሚትራል ቫልቭ ጥበት በጣና ዳር

ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ብስክሌት ያለው ሰው ብዙ ሳይደክም ከዳር እስከ ዳር የሚያዳርሳት ከተማ በመሆኗ፣ ነዋሪዋ ዳገት የሚያገኘው ቤዛዊት ሲወጣ ወይም በጀልባ ወደ ዘጌ ሄዶ በቡናው ጫካ ውስጥ ወደ ገዳማቱ ሲያዘግም ነው። ይህ የመሬት አቀማመጥ ለእግረኛ ቢመችም ለአንድ በሽታ ግን ጥሩ መደበቂያ ሆኖለታል። የሚትራል ቫልቭ ጥበት፣ ማለትም በልብ ውስጥ ያለ የአንድ በር መጥበብ፣ ያለባት ወጣት ገበያ ውላ ስትመለስ ምንም ላይሰማት ይችላል። ቤዛዊት ግማሽ ላይ ስትደርስ ግን ቆማ፣ ወገቧን ይዛ፣ ትንፋሿን ትሰበስባለች። ጓደኞቿ "ወፍረሽ ነው እኮ" ብለው ይስቃሉ፤ እሷም አብራ ትስቃለች።

ያቺ ወጣት ሜዳው ላይ ጤነኛ፣ ዳገቱ ላይ በሽተኛ የሆነችው ቫልቯ በመንገድ ላይ ተለውጦ አይደለም። ቀዳዳው ያው ነው። የተለወጠው ደሙ በዚያ ቀዳዳ ለማለፍ የሚያገኘው ጊዜ ነው። የዚህን በሽታ ምልክቶች በቃሉ የሚያውቅ ባለሙያ እንኳ ይህን የጊዜ ነገር ካላስተዋለ፣ ሕመምተኛዋን በአስም፣ በቲቢ ወይም በደም ማነስ ስም ሲያክማት ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ስለዚህ ምልክቶቹን ከመዘርዘር ይልቅ አሠራሩን ተከትሎ መሄድ ይሻላል፤ አሠራሩ ከተገለጠ ምልክቶቹ በየተራቸው ይመጣሉ።

በሩና ውሃው

ከሳንባ ኦክስጅን ይዞ የሚመለሰው ደም መጀመሪያ የሚያርፈው በልብ የላይኛው ግራ ክፍል ነው። ከዚያ ወደ ታችኛው ግራ ክፍል ይወርዳል፤ ደሙን ወደ መላው ሰውነት የሚገፋው ብርቱ ጡንቻ ይኸኛው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው በር ሚትራል ቫልቭ ይባላል። ስሙን ያገኘው የምዕራባውያን ጳጳሳት ከሚደፉት ባለ ሁለት ሹል ቆብ ጋር ስለሚመሳሰል ነው። ሁለት ስስ መዝጊያዎች ያሉት ሲሆን፣ መዝጊያዎቹ በቀጫጭን ጅማቶች ከታችኛው ክፍል ጡንቻ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ልብ ሲጨመቅ ወደ ኋላ እንዳይገለበጡ የሚይዟቸው እነዚህ ጅማቶች ናቸው። በጤነኛ አዋቂ ሰው በሩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ስፋቱ ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 1.5 ካሬ ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በታች ሲሆን ጥበቱ ከባድ ይባላል። ከ1 በታች ሲወርድ ደግሞ የሰውነት ደም በሙሉ በትንሿ ጣት ጥፍር ስፋት ባለች ቀዳዳ እየተጣበበ ያልፋል ማለት ነው።

አባይ ከጣና በሚወጣበት ጨረጨራ ላይ የሐይቁን ውሃ የሚመጥን ግድብ እንዳለ የከተማው ሰው ያውቃል። የግድቡ በሮች ከግማሽ በላይ አንከፈትም ቢሉ ምን እንደሚከተል ለመገመት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ከበሩ በላይ ሐይቁ ይሞላና ዳርቻው ይጥለቀለቃል፤ ከበሩ በታች ያለው ወንዝ ደግሞ ይሳሳል። በልብም እንዲሁ ነው። ከጠበበው ቫልቭ በላይ ያለው የላይኛው ግራ ክፍል እየሞላ ይለጠጣል፤ ግፊቱ ወደ ኋላ ተመልሶ የሳንባን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይወጥራል፤ በመጨረሻም ፈሳሹ ከደም ሥሮቹ ወደ ሳንባው ይሰርጋል። ትንፋሽ የሚያጥረው ከዚህ የተነሳ ነው። ከቫልቩ በታች ያለው ክፍል ደግሞ የሚገፋው ደም ያንሰዋል፤ ድካሙ፣ የእጅና የእግር መቀዝቀዙ፣ "አቅም አጣሁ" የሚለው ንግግር የሚመጣው ከዚህ ነው።

ምሳሌው እዚህ ላይ ያበቃል። የግድብ በር ተከፍቶ ሊከርም ይችላል፤ የሚትራል ቫልቭ ግን በእያንዳንዱ የልብ ምት ይከፈታል፣ ይዘጋል። ደም ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ልብ በሚያርፍባት ቅጽበት ብቻ ነው። ልብ በደቂቃ 60 ጊዜ ሲመታ ከዚያች ደቂቃ ውስጥ ወደ 40 ሰከንድ የሚጠጋው የማረፊያና የመሙያ ጊዜ ነው። ምቱ ወደ 120 ሲወጣ ግን የመጨመቂያው ጊዜ ብዙም ስለማያጥር ቅነሳው በአብዛኛው የሚያርፈው በመሙያው ጊዜ ላይ ነው፤ በደቂቃ ውስጥ ያለው የመሙያ ጊዜ በጠቅላላ ከ30 ሰከንድ በታች ይሆናል። ሰውነት በዚያው ሰዓት የሚፈልገው ደም ግን ጨምሯል። ብዙ ደም፣ በጥቂት ጊዜ፣ በጠባብ ቀዳዳ። ከዚህ ላይ የፈሳሽ ሕግ ይጨመራል፦ በጠባብ ቀዳዳ የሚያልፈው የፈሳሽ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለማሳለፍ የሚያስፈልገው የግፊት ልዩነት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በእረፍት ጊዜ የሚቻል የነበረው ግፊት በአንድ ጊዜ ያሻቅባል፤ የላይኛው ግራ ክፍል ግፊት ከ25 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ሲያልፍ ሳንባው ውሃ መቋጠር ይጀምራል።

እንግዲህ ልብን የሚያፈጥን ነገር ሁሉ ይህን በሽታ ያጋልጠዋል፦ ዳገት፣ የወባ ትኩሳት፣ የሳንባ ምች፣ ደም ማነስ፣ ድንጋጤ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እርግዝና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚህችው ከተማ በአንድ የክትትል ክፍል ያየኋት የዘጌ ሴት የ24 ዓመት ነፍሰ ጡር ነበረች። ስድስት ወሯ ነው። አማቷ አብረዋት መጥተዋል፤ በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን የመድኃኒት ማሸጊያ ፈተው ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት፣ ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክ፣ የሳል ሽሮፕ። "ልጄ ሌሊት አትተኛም፣ ዶክተር፤ ተቀምጣ ነው የምታነጋው" አሉ። ሐኪሙ "ከማርገዝሽ በፊት እንዴት ነበርሽ፣ እህቴ?" ሲላት "ደህና ነበርኩ፤ ከጀልባው ወደ ቤት ስወጣ ብቻ አርፋለሁ" አለች። ያ "ብቻ" የሚለው ቃል ሙሉ ታሪኳን ይዟል። በእርግዝና የደም መጠን እስከ 40 እና 50 በመቶ ይጨምራል፤ የልብ ምትም በደቂቃ ከ10 እስከ 20 ያህል ከፍ ይላል። ለዓመታት በዳገቱ ላይ ብቻ ይሰማት የነበረው ነገር ከአራተኛውና ከአምስተኛው ወር በኋላ ሌትና ቀን አብሯት የሚኖር ዳገት ሆነባት። እንዲህ ያለች እናት ብዙ ጊዜ የምትታወቀው በእርግዝናው አጋማሽ ነው፤ እጅግ አስጊው ሰዓት ደግሞ ምጡና ከወለደች በኋላ ያሉት ሰዓታት ናቸው፤ ማሕፀኑ ሲጨማደድ በውስጡ የነበረው ደም በድንገት ወደ ልብ ይመለሳልና።

የአስም መድኃኒቱ ነገር እግረ መንገድ ሊጠቀስ ይገባል። አስምን የሚያስታግሱት የሚሳቡ መድኃኒቶች የልብ ምትን ያፈጥናሉ። ለተሳሳተው በሽታ የተሰጠው መድኃኒት ትክክለኛውን በሽታ ያባብሳል ማለት ነው።

ስማቸውን የለወጡ ምልክቶች

ሌሊት ጠፍጣፋ መተኛት አለመቻል፣ ትራስ መደራረብ፣ ከተኙ ከሁለትና ከሦስት ሰዓት በኋላ ታፍኖ መንቃትና በር ከፍቶ አየር መፈለግ የተለመዱ ምልክቶች ናቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሰው ሲጋደም በእግሩና በሆዱ የነበረው ደም ወደ ደረት ይመለሳል፤ ቀድሞውንም የሞላው ሳንባ ተጨማሪ ይቀበላል። በአገራችን ሌሊት የሚመጣ መታፈን ቶሎ አስም ይባላል። ደም የቀላቀለ አክታ ሲታይ ደግሞ ቲቢ ይባላል፤ በእርግጥም ቲቢ በሚበዛበት አገር ይህን መጠርጠር ስሕተት አይደለም። ነገር ግን ግፊት የበዛባቸው የሳንባ ቀጫጭን የደም ሥሮችም ይፈነዳሉ፤ የአክታ ምርመራው ነጻ ሆኖ እያለ "ለማንኛውም" ተብሎ የቲቢ መድኃኒት ስድስት ወር የዋጠ ሰው ደረቱን በሚገባ ያዳመጠው እንደሌለ መጠርጠር ተገቢ ነው። አንዳንዱ ሰው ድምፁ ይጎረናል፤ የተለጠጠው የልብ ክፍልና ያበጠው የሳንባ ደም ሥር ወደ ማንቁርት የሚሄደውን ነርቭ ስለሚጫኑት ነው። ይህኛው ብዙ ጊዜ ብርድ ተብሎ ይታለፋል።

ከሁሉ የሚያታልለው ግን በሽታው ሲከፋ የተሻለ የሚመስልበት ጊዜ መኖሩ ነው። ለዓመታት ግፊት የተሸከመው ሳንባ ራሱን መከላከል ይጀምራል፤ ወደ ሳንባው ደም የሚያስገቡት ትንንሽ የደም ሥሮች ግድግዳቸው ወፍሮ ይጠባሉ። በቫልቩ ላይ ካለው ጥበት በተጨማሪ ከሳንባው በፊት ሁለተኛ ጥበት ተፈጠረ ማለት ነው። ይህ ሁለተኛ በር ሳንባውን ከውሃ ሙላት በከፊል ያድነዋል፤ ሕመምተኛውም "ትንፋሼ ተሽሎኛል" ይላል። ዋጋውን የሚከፍለው ግን የልብ ቀኝ ክፍል ነው። በጠበበው መንገድ ደም ለመግፋት ሲታገል ይደክማል፤ ከዚያ ደም ወደ ኋላ ተመልሶ ጉበት ያብጣል፣ ሆድ ይነፋል፣ እግር በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል። ትንፋሹ የቀለለውና ሆዱ የተነፋው ሰው በዚህ ጊዜ "ጉበት ነው" ወይም "ኩላሊት ነው" ተብሎ ሌላ በር ሊያንኳኳ ይሄዳል።

የተለጠጠው የላይኛው ግራ ክፍል ሌላም መዘዝ አለው። ጡንቻው ሲወጠርና ሲጠባሰስ የኤሌክትሪክ ሥርዓቱ ይዛባል፤ በሥርዓት መጨመቁ ቀርቶ ዝም ብሎ ይንቀጠቀጣል። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው የምት መዛባት ይኸው ነው። ሕመምተኛው ልቡ ያለ ሥርዓት ትር ትር ሲል ይሰማዋል። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ያጣል፤ በማረፊያው መጨረሻ ላይ የላይኛው ክፍል ይሰጠው የነበረውን የመጨረሻ ግፊትና የመሙያውን ጊዜ፤ ምቱ በጣም ፈጥኗልና። ለወራት ሲቻል የኖረ ሕመም በአንድ ሌሊት ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚወስደው ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ነው። ሦስተኛው ጉዳት ድምፅ የለውም። እምቦጭ ረጋ ያለ ውሃ እንደሚወድ ጣና አስተምሮናል፤ ደምም ሳይፈስ ሲቆም ይረጋል፣ ይጓጉላል። በተለጠጠው ክፍል ጥግ፣ በትንሿ ኪስ ውስጥ የተጓጎለው ደም ተነቅሎ ወደ አንጎል ሲሄድ ስትሮክ ያመጣል። ግፊትም ስኳርም የሌለባት የ30 ዓመት ሴት አንድ ጎኗ አልታዘዝ ሲላት የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ልቧ መሆን ይኖርበታል።

ከጉሮሮ እስከ ልብ

በምዕራቡ ዓለም ዛሬ የቫልቭ ሕመም በአብዛኛው የእርጅና በሽታ ነው። በእኛ ዘንድ ወጣቶችን፣ ይበልጡንም ሴቶችን የሚይዝበት ምክንያት ምንጩ ሌላ ስለሆነ ነው። ምንጩ ጉሮሮ ነው። ምድብ ኤ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ጉሮሮ ያሳምማል። የሰውነት መከላከያ ሊያጠፋው አንቲቦዲ ይሠራል፤ የባክቴሪያው ሽፋን ፕሮቲን ግን በልብ ጡንቻ ውስጥ ካለው ማዮሲን ከሚባለው ፕሮቲን ጋር በአካል ይመሳሰላል። ዘበኛው ሌባውን የሚያውቀው በልብሱ ነው፤ ያንኑ ልብስ የለበሰውን የቤቱን ሰውም ይመታዋል። ጉሮሮው ከዳነ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሁሉም ነገር ተረስቶ ሳለ፣ የሩማቲክ ትኩሳት ይመጣል።

ይህ ትኩሳት በጣና ዳር መንደሮች የራሱ ስም የለውም፤ በሌሎች ስሞች ይጠራል። የልጁ ጉልበት ያብጣል፤ ጉልበቱ ሲሻለው ቁርጭምጭሚቱ፣ ከዚያ ክርኑ ይቀጥላል። "ብርድ መታው"፣ "ቁርጥማት ነው" ይባላል። መገጣጠሚያውም ያለ ብዙ ሕክምና በሳምንታት ውስጥ ምንም ምልክት ሳይተው ይድናል። ይህ መዳኑ ነው ወላጅን የሚያዘናጋው፤ ልብ ላይ ያረፈው እንዲህ አይለቅምና። በአንዳንድ ልጆች ደግሞ እጅና ፊት ያለ ፈቃድ መንቀሳቀስ ይጀምራሉ፤ ዕቃ ከእጃቸው ይወድቃል፣ የደብተር ጽሑፋቸው ይበላሻል፤ መምህሩ ይቆጣል፣ ቤተሰቡ ሌላ ነገር ይጠረጥራል።

በቫልቩ መዝጊያዎች ጠርዝ ላይ የጀመረው ቁስል ሲድን ጠባሳ ይተዋል። ሚትራል ቫልቭ ከሌሎቹ በላይ የሚጠቃበት አንዱ ምክንያት በልብ ውስጥ ካሉት በሮች ከፍተኛውን ግፊት ተቋቁሞ የሚዘጋው እሱ በመሆኑ ነው። ትኩሳቱ በተመላለሰ ቁጥር ጠባሳ በጠባሳ ላይ ይደረባል፤ የሁለቱ መዝጊያዎች ጫፎች ይጣበቃሉ፣ ጅማቶቹ ያጥራሉ፣ ይወፍራሉ፣ በመጨረሻም ካልሲየም ይቋጥራሉ። ኢኮ በሚባለው የልብ አልትራሳውንድ ከፊት ለፊት ሲታይ ቀዳዳው የዓሣ አፍ ይመስላል፤ የሕክምና መጻሕፍትም የሚጠሩት በዚሁ ነው። በሐይቁ ዳር ገበያ በዘንቢል ተደርድሮ አፉን በትንሹ ከፍቶ የሚያጣጥር ቆሮሶ ያየ ሰው ምስሉን ወዲያው ይረዳል። በበለጸጉ አገሮች በነበረው ልምድ ከመጀመሪያው ትኩሳት እስከ ከባድ ጥበት ሃያና ከዚያ በላይ ዓመታት ይወስድ ነበር። ትኩሳቱ በሚደጋገምባቸው እንደ እኛ ባሉ አገሮች ግን በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ልጅ ከባድ ጥበት ይዞ ይመጣል።

ባክቴሪያው የሚተላለፈው በትንፋሽና በሳል ነው፤ ስለዚህ ብዙ ሰው በጠባብ ቤት በሚያድርበት ቦታ ይበረታል። እዚህ ላይ ስለ ቆሎ ተማሪዎች ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም። በጎጃምና በጣና ዙሪያ ባሉ አብነት ትምህርት ቤቶች ልጆች ከወላጅ ርቀው፣ በአንድ ጎጆ ተጨናንቀው ያድራሉ፤ ዕድሜያቸውም በአብዛኛው በሽታው የሚመርጠው ዕድሜ ነው። ጉሮሮው የታመመን የቆሎ ተማሪ "አፍህን ክፈት እስኪ" የሚለው ማን ነው? እናት አጠገቡ ያለችው ልጅም ቢሆን እጣው ብዙ የተሻለ ላይሆን ይችላል። "እንጥሉ ወርዷል"፣ "ቶንሲሉ አብጧል" ተብሎ ወደ ባሕል አዋቂ ይወሰድና እንጥሉ ይቆረጣል ወይም ቶንሲሉ ይቧጠጣል። ከሕመሙና ከደሙ ሌላ፣ ባክቴሪያው ግን እዚያው አለ። ሕመሙ በጀመረ በዘጠኝ ቀን ውስጥ የተሰጠ ፔኒሲሊን የሩማቲክ ትኩሳትን ይከላከላል፤ በባሕላዊው መንገድ የሚባክኑት እነዚያው ዘጠኝ ቀናት ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ በተለያዩ የኢትዮጵያ ክልሎች በሚገኙ ተማሪዎች ላይ በኢኮ የተደረገ ጥናት ከ1,000 ልጆች ውስጥ 19 ያህሉ የሩማቲክ የልብ ሕመም ምልክት እንዳለባቸው አግኝቷል። ሃምሳ ልጅ የሚማርበት ክፍል ውስጥ አንድ ማለት ነው። አብዛኞቹ የሚሰማቸው ነገር የለም።

ማዳመጥ፣ ማየት፣ መክፈት

የጠበበ ሚትራል ቫልቭ ድምፅ አለው፤ ግን ዝግ ያለ፣ ጎርናና ድምፅ ነው። የሚሰማው ሕመምተኛው በግራ ጎኑ ተጋድሞ፣ የማዳመጫው ደወል መሰል ጎን በቀስታ ከጡቱ ሥር ተደርጎ፣ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነው። በር ላይ ሰማንያ ሰው ተሰልፎ በሚጠብቅበት የተመላላሽ ክፍል ይህ ሁሉ በአንድ ላይ አይገኝም፤ ባለሙያውን ብቻ መውቀስም አይገባም። ኢኮ ይህን ችግር በአብዛኛው ፈትቶታል፤ በደቂቃዎች ውስጥ የቀዳዳውን ስፋት፣ የግፊቱን መጠንና የላይኛውን ክፍል መለጠጥ ያሳያል። ችግሩ ማሽኑ ዘንድ እስኪደረስ ያለው መንገድ ነው። ወረዳ ላይ ያለው ባለሙያ ካልጠረጠረ ሪፈር አይጻፍም፤ ሪፈር ካልተጻፈ ሕመምተኛው ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል አይደርስም።

የመድኃኒቱ ሕክምና አመክንዮ ከላይ ካልነው የጊዜ ነገር ይመነጫል። እንደ አቴኖሎልና ሜቶፕሮሎል ያሉት መድኃኒቶች ልብን ያዘገያሉ፤ ቀዳዳውን አንድ ሚሊ ሜትር አያሰፉትም፣ ለደሙ ግን ጊዜ ይገዙለታል። በሕዝቡ ዘንድ ላዚክስ እየተባለ የሚታወቀው የሚያሸና መድኃኒት ሳንባው የቋጠረውን ውሃ ይቀንሳል። ምቱ የተዛባበት ሰው ደም ማቅጠኛ ያስፈልገዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የወጣ ሰፊ ዓለም አቀፍ ጥናት በዚህ በሽታ ላይ አሮጌው ዋርፋሪን ከአዲሱ ሪቫሮክሳባን የተሻለ መሆኑን አሳይቷል። ዋርፋሪን ግን የደም ምርመራ ክትትል ይፈልጋል፣ ከምግብም ጋር ይጋጫል። ጎመን በቫይታሚን ኬ የበለጸገ በመሆኑ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳል። በፍስክ ወራት አልፎ አልፎ ጎመን የሚበላ ሰው ዐቢይ ጾም ሲገባ በየቀኑ ጎመን መብላት ሲጀምር የደሙ የመቅጠን መጠን ይወርዳል፤ ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ይገለበጣል። ጾም አትጹም ማለት አያስፈልግም፤ በጾሙ መግቢያና መውጫ ምርመራውን ማቅረብ፣ የጎመኑንም መጠን ማመጣጠን ይበቃል። ይህን የሚነግር ባለሙያ ግን ብዙ አላጋጠመኝም። ዋርፋሪን ለፅንስ አደገኛ ሊሆን ስለሚችል ለማርገዝ ያሰበች ሴት አስቀድማ ከሐኪሟ ጋር መመካከር አለባት።

ቀዳዳውን መክፈት ሌላ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 ለንደን ውስጥ ሄንሪ ሱታር የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም የአንዲት ወጣት ሴትን ልብ ከፍቶ ጣቱን አስገብቶ ቫልቯን አሰፋ፤ እሷም ዓመታት ኖረች። የሚያስገርመው፣ የሥራ ባልደረቦቹ ሌላ ሕመምተኛ አልላኩለትም፤ ቀዶ ጥገናው ዳግም የተለመደው ከ1948 ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ካንጂ ኢኖዌ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም ደረት ሳይከፈት በብሽሽት የደም ሥር ገብቶ ቫልቩ ውስጥ የሚነፋ ባሉን ሠራ። ባሉኑ የተጣበቁትን ጫፎች ያላቅቃል፤ ከሰዓት በፊት ትንፋሽ ያጠራት ሰው ማታ ጠፍጣፋ ልትተኛ ትችላለች። ይህ የሚሠራው ግን መዝጊያዎቹ ገና ልል ከሆኑ፣ ካልሲየም ካልቋጠሩ፣ ብዙም የማያፈሱ ከሆነና በላይኛው ክፍል የተጓጎለ ደም ከሌለ ነው። ዘግይቶ የመጣ ቫልቭ በቀዶ ጥገና ይለወጣል። ከባሕር ዳር ለእንዲህ ያለው ሕክምና ብዙዎች የሚላኩት ወደ አዲስ አበባ፣ በጥቁር አንበሳ ግቢ እንዳለው የልብ ማዕከል ወዳሉ ቦታዎች ነው። ወረፋው ረጅም ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ በተፈጠረው ግጭት መንገድ በተደጋጋሚ ሲዘጋ ደግሞ ቀጠሮ የያዘ ሰው እንኳ ቀኑ ያልፍበታል።

ለዚህ ነው ነገሩ ሁሉ ወደ አንድ ርካሽ መርፌ የሚመለሰው። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ሲወጋ ትኩሳቱ እንዳይመለስ፣ ጠባሳው እንዳይደረብ ይከላከላል። ቫልቩ ለተጎዳ ሰው ቢያንስ 10 ዓመት ወይም እስከ 40 ዓመት ዕድሜ ይሰጣል፤ ለአንዳንዱ ዕድሜ ልክ ነው። በኡጋንዳ ምልክት በሌላቸውና ሕመማቸው በኢኮ ብቻ በታየ 818 ልጆች ላይ የተደረገው ጥናት በሁለት ዓመት ውስጥ መርፌውን ካልወሰዱት 8.2 በመቶው ሲባባስባቸው ከወሰዱት ግን 0.8 በመቶው ብቻ እንደተባባሰባቸው አሳይቷል።

መርፌው ግን ያማል፣ ይፈራልም። "ፔኒሲሊን ወግተዋት ሞተች" የሚል ወሬ ከመንደር መንደር ይሄዳል፤ ወጊውም ይፈራል። አንድ ጤና ጣቢያ ካርዱን የያዘ ልጅ "ለዚህ ሆስፒታል ሂድ" ተብሎ ሲመለስ አይቻለሁ። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር፣ ቫልቫቸው ክፉኛ በተጎዳ ሰዎች ላይ ከመርፌው በኋላ ከሚደርሱት ድንገተኛ ሞቶች ብዙዎቹ የአለርጂ ሳይሆኑ በሕመሙና በድንጋጤው ልብ መቋቋም ሲያቅተው የሚደርሱ ሳይሆኑ እንዳልቀሩ ገልጿል። ለእነዚህ ለከባዶቹ የሚዋጥ መድኃኒት ሊሻል ይችላል፤ ለተቀረው ብዙኃን ግን መፍትሔው ሕመምተኛውን አስተኝቶ፣ ውሃ አጠጥቶ፣ ከምግብ በኋላ፣ መርፌውን ቀስ ብሎ መውጋት ነው።

በመጨረሻ ስለ ቀጠሮ ካርድ። ብዙ እናቶች የልጃቸውን መርፌ የሚያስታውሱት በወር በዓል ነው፤ "ለሚካኤል፣ ለሚካኤል" ይላሉ፣ ወር በገባ በ12። ዘዴው ጥሩ ነው፣ ካርድ ቢጠፋ እንኳ ቀኑ አይጠፋም። የእኛ ወር 30 ቀን በመሆኑ ከ28ቱ ቀን የሁለት ቀን መዘግየት ብቻ አለው። አንድ ቦታ ላይ ግን ይሰበራል፤ ከነሐሴ ሚካኤል እስከ መስከረም ሚካኤል በመካከል ጳጉሜን ስላለች 35 ቀን ነው፣ ጳጉሜን 6 ስትሆን 36። በዚያ ጊዜ የመድኃኒቱ መጠን በደም ውስጥ እጅግ ቀንሷል፤ ትምህርት ቤት የሚከፈተውና ልጆች በአንድ ክፍል ተፋፍገው የሚሳሳሉት ደግሞ ያኔ ነው። ነሐሴ 12 የተወጋ ልጅ 28ኛ ቀኑ መስከረም 5 ነው፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች መስከረም 4። ካርዱ ላይ ለዚያ አንድ ወር ብቻ ቀኑን በቀይ እስክሪፕቶ መጻፍ ይቻላል።